ሱሩር ሳይከራከር የገዛው ዜማ

ቦንጋ ውስጥ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ጨርቅ የሚሸጠው ሱሩር አንድ ነገር ሳይከራከር ሲገዛ ያየ ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው የሚከራከረው ኪሱ ሲሳሳ ነው፤ ሱሩር ግን ኪሱ ሲሞላ ይብስበታል። ባጃጅ ላይ ሲወጣ ይከራከራል፣ ሲወርድ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከማንኪራ ማር ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ከሩቅ ሲያዩት እንስራቸውን ይሸፍናሉ። ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ ያየ ሌላ ገዢ ማሩን ትቶ ይሄዳልና። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ልማድ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ሱሩርም እንደዚያው ነበር።

ሚስቱ ሀኪማ ይህን ሁሉ ከሃያ ዓመት በላይ ችላ ኖራለች። አልችል ያለችው የጥርሷን ጉዳይ ነው።

ጥርሷን ታማ ክሊኒክ ወሰዳት። ሐኪሙ መንቀያውን ይዞ ቆሟል፣ ሀኪማ አፏን ከፍታለች፣ ማደንዘዣው ይዟታል። ሱሩር ዋጋውን ጠየቀ፣ ተነገረው፣ አገጩን አከከ።

«ሁለት ከሆነስ ስንት ታደርግልናለህ?» አለ።

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሱሩር ግን ጎንበስ ብሎ የሚስቱን አፍ እንደ ጣቃ ጨርቅ ይመረምር ጀመር። «ይቺ አጠገቧ ያለችውም እኮ ብዙ አትቆይም። አብረህ ንቀላትና ቅናሽ አድርግልን።»

ሀኪማ አፏ ደንዝዞ መናገር አልቻለችም። በዓይኗ የተናገረችውን ግን ሐኪሙ እንኳ ሰምቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የታመመችው ጥርስ ብቻዋን ተነቀለች፤ ሀኪማም ጉንጯ እንዳበጠ ቦርሳዋን ሸክፋ፣ ወንድሟ ሀምዛ ቡና ወደሚነግድበት ወደ ቢታ ገነት በተገኘው መኪና ሄደች።

ሱሩር መጀመሪያ «ትመጣለች» አለ። ሳምንቱ ሲጋመስ «ትመጣለች» ማለቱን ተወ። ሱቁን ሲከፍት እሷ ቁጭ ብላ ጨርቅ የምታጥፍበት ጥግ ባዶ ነው። ጨርቅ ስታጥፍ ሁልጊዜ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት። ድሮ ሲሰማት «ሌላ የለሽም እንዴ?» ይላት ነበር፤ አሁን ያቺ ዜማ በመጥፋቷ ሱቁ ጭር ብሎ አስጠላው። ወላሂ፣ ናፈቀችው። ቤት ገብቶ ብቻውን ሲበላ ምግቡ ጨው ይነሰው ይብዛበት አይለይም ነበር።

ስለዚህ ጓደኛውን ኃይለመስቀልን ሽምግልና ላከው። ኃይለመስቀል የዞን መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነው። ከሱሩር ጋር አብረው ተምረዋል፤ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ሱሩር ሱቅ በር ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሃያ ዓመት ሪፖርት ጽፎ ጽፎ፣ እንደ ሪፖርት ካልሆነ መናገር የማይችል ሰው ሆኗል። ከቢታ ገነት ሲመለስ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነበር።

«እህስ?» አለው ሱሩር።

«ጠንካራ ጎን፦ ምሳ አብልተውኛል። ደካማ ጎን፦ አትመጣም።»

«አንተ ሰው፣ በአላህ ተው፤ ምን አለች?»

«አንድ ነገር ሳይከራከር ገዝቶ ያምጣልኝ አለች። ምንም ይሁን። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ይክፈልና ያምጣ፤ የዚያን ዕለት አብሬው እገባለሁ ብላለች። ምስክሩ እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ በመስቀል አስምላኛለች።»

ሱሩር ሳቀ። «ይሄ ብቻ ነው?» አለና ወዲያውኑ ተነስቶ፣ ሁለት ሱቅ አልፎ ወዳለው ወደ ሙዝደሊፋ ሻሽ መሸጫ ሄደ። ኃይለመስቀል ከኋላው ተከተለ። ሙዝደሊፋ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን ሲዘረጋ ሱሩር አፉ በራሱ ጊዜ ተከፈተና «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለ። ሻሹን ገና አላየም። ሙዝደሊፋም ገና የመጀመሪያውን ዋጋ አልጠራም።

ኃይለመስቀል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳሙና ሞከሩ፣ ሙዝ ሞከሩ። ዳቦ ቤት ደግሞ ዋጋው ግድግዳው ላይ ተጽፎ ስለነበር ሱሩር ከግድግዳው ጋር ተከራከረ።

«አየህ» አለ ኃይለመስቀል በመጨረሻ፣ «ችግሩ ሻጭ ስታይ ነው። የማይታይ ሻጭ ያስፈልግሃል።» ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

ኃይለመስቀል የሚያመልካት አንዲት ድረ ገጽ አለች። ክላሲካልና የፊልም ሙዚቃ ብቻ የሚሸጥባት ናት። ሰው እየፈለገ ያገኛል፣ ከእያንዳንዱ ዜማ ግማሽ ደቂቃ በነጻ ይቀምሳል፣ ከወደደ ይገዛል፤ ከሥሩም የመሰለውን ጽፎ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። በፈለጉት ቋንቋ ቢጽፉ ለሚያነበው ሰው በራሱ ቋንቋ እየተረጎመች፣ ከየት ከተማ እንደተጻፈም ጨምራ ታሳያለች። ኃይለመስቀል እዚያ ላይ የታወቀ ገምጋሚ ነኝ ብሎ ያምናል። «ጠንካራ ጎን፦ ቫዮሊኖቹ በቅንጅት ሠርተዋል» ብሎ ይጽፋል። «ደካማ ጎን፦ ከበሮው የተሰጠውን ተልዕኮ በጊዜ ሰሌዳው መሠረት አልፈጸመም። የወደፊት አቅጣጫ፦ መለከት ነፊዎቹ የአቅም ግንባታ ሥልጠና ቢያገኙ።» አንድም ሙዚቃ ገዝቶ ግን አያውቅም። ግማሽ ደቂቃውን ብቻ ሰምቶ ነው ይህን ሁሉ የሚለው። ለምን ሲሉት፣ «ግምገማ ላይ ሙሉውን ሰነድ የሚያነብ ማን አለ?» ይላል።

«እዚህ ዋጋው የተቆረጠ ነው» አለው ሱሩርን። «የምታየው ሰው የለ፣ የምትሰማው ድምፅ የለ። ተጫን፣ ግዛ፣ ወደ ቢታ ገነት እንሂድ።»

«ሙዚቃ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሊያጣጥል ጀምሮ ሱሩር ተወው። የሀኪማ ዜማ ትዝ ብላው ነበር።

የዜማዋ ነገር የቆየ ነው። ሁለቱ ገና እጮኛሞች ሳሉ ጅማ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ገቡ፤ ሀምዛ መሃላቸው ተቀምጦ። ሱሩር ተከራክሮ ሦስት ሰው በሁለት ሰው ዋጋ አስገብቷል። ፊልሙ ከየት አገር እንደመጣ እንጃ፤ ስለ አንድ ባቡር ነጂ ነበር። ነጂው በየቀኑ ዶሮ በምታረባ፣ ባሏ በሞተባት አንዲት ሴት ደጅ ያልፋል። እሷ እጇን ታወዛውዛለች፣ እሱ ፊሽካ ይነፋል፣ በቃ፣ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ ነጂው ጡረታ ሊወጣ ሆነና የመጨረሻ ጉዞውን ጀመረ። ባቡሩ ወደ ቤቷ ሲቃረብ ያቺ ዜማ ተነሳች፣ ሴትየዋ በሩን ከፈተች፣ ነጂው ፍሬኑን በእጁ ያዘ። መብራት ጠፋ።

ሰው ሁሉ መብራቱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሱሩር ተነሳና የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት ያዘው። ያላየነውን አንከፍልም፣ ግማሹን መልስ አለ። ባለቤቱ ቢሰለቸው መለሰለትና ሦስቱንም አስወጣቸው። ደጅ እንደረገጡ መብራት መጣ። ሀኪማ ጆሮዋን ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ለጥፋ ዜማውን ስትከታተል፣ መጨረሻው ሊመጣ ሲል አንድ አይሱዙ እያጓራ አለፈ። አይሱዙው ካለፈ በኋላ ፊልሙም አልቆ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዜማውን ታንጎራጉርና አይሱዙው ያለፈበት ቦታ ስትደርስ ታቆማለች። ባቡር ነጂው ይውረድ ወይ ይለፍ እስከ ዛሬ አታውቅም። ስትናደድ ሱሩርን «የፊልሙን መጨረሻ በግማሽ ትኬት የሸጠብኝ ሰው» ትለዋለች።

«ባቡር ብለህ ፈልግ» አለው ሱሩር ኃይለመስቀልን።

የባቡር ፊልም እንደዚያ ይበዛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከድልድይ የሚወድቅ ባቡር፣ ወታደር የጫነ ባቡር፣ ሌቦች የሚዘርፉት ባቡር፣ ሁሉም ሙዚቃ አለው። አንዲት የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ሴት በሩ ላይ ቆማ «ጋሽ ሱሩር፣ ሜትሩ ስንት ነው?» ብትል፣ «ቆይ እህቴ፣ ባቡር እየሰማን ነው» ተባለች። እሷም ቁጭ ብላ አብራ መስማት ጀመረች። «ይሄኛው ይገለበጣል» ትላለች ከበሮው ሲበረታ፤ ደግሞም አልተሳሳተችም።

በመጨረሻ ያቺ ዜማ መጣች። ከታች ከበሮው እንደ ባቡር ጎማ ዱክ ዱክ ይላል፤ ከላይ አንድ ዋሽንት ትወጣለች። ሱሩር በእጁ የነበረው መቀስ ወደቀበት። የሀኪማ ድምፅ ከዚያች ስልክ ውስጥ የወጣ መሰለው። ዋሽንቷ ከፍ አለች፣ ከበሮው እየቀዘቀዘ መጣ፣ ከዚያም ግማሽ ደቂቃው አለቀና ቀጥ አለ። አይሱዙው ካለፈበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ!

«ይኸው!» አለ ኃይለመስቀል። «አሁን ግዛ።» ሰዓቱን አየ፤ የአመሻሽ ስብሰባ ነበረበት። «አንተ ተለማመድ፣ እኔ ስመለስ ምስክር ሆኜ ትጫናለህ።» ስልኩን ትቶለት ወጣ።

እዚህ ላይ ኃይለመስቀል ጥፋተኛ ነው፤ ፍየልን ጎመን ጠብቂ ብሎ የሚሄድ ሰው የለም።

ሱሩር ገጹን ቁልቁል አየው። ዋጋው ተጽፏል። ከዋጋው ሥር ደግሞ አንድ ባዶ ሳጥን አለ፣ «ስለዚህ ሥራ ምን ይላሉ?» ይላል። ሱሩር ፊቱ በራ። በዓለም ላይ ዋጋ ተናግሮ ወዲያው «ምን ትላለህ?» የሚል ሻጭ ምን እንደሚፈልግ እሱ ካልገባው ማን ይገባዋል? ያ ሳጥን የክርክር ቦታ ነው። ኃይለመስቀል የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ሳይገባው ኖሮ ነው እንጂ።

የሀኪማ ቃል ትዝ አላለውም ማለት አይደለም። ግን ዕቃ መናቅ ክርክር አይደለም፣ ሰላምታ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ዕቃው ሳስቷል። ቫዮሊኑ ቀጭን ነው፣ አንዴ ቢታጠብ ይለቃል። ዋሽንቱ ስፌቱ ጠማማ ነው። ከበሮው ደህና ነበር፣ ግን የቆየ ነው፣ መጋዘን ውስጥ የከረመ ይመስላል። ይህንኑ ጎረቤት ሱቅ በግማሽ ዋጋ አይቼዋለሁ። ብቻ ከመጣሁ አይቀር ብዬ ነው። የመጨረሻህን ንገረኝ፤ እኔ ሄድኩ።»

ኮከብም ምረጡ ስለሚል አንድ ሰጠ። ዕቃ የሚንቅ ሰው ኮከብ አይበትንም። ከዚያም ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ገዢ ዕቃውን ንቆ ጀርባውን ይሰጣል፣ ሻጩ ደግሞ «ና እሺ፣ ና!» ብሎ ይጠራዋል። አልሸሹም ዞር አሉ። ኃይለመስቀል ሲመለስ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ» አለው፤ ስልኩም መሳቢያው ውስጥ አደረ።

በነጋታው መሳቢያውን ሲከፍቱ ዜማዋ የለችም። በቦታዋ «በባለቤቱ ጥያቄ ከሽያጭ ወጥቷል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ለሱሩር የተጻፈ መልስ ነበር። ኃይለመስቀል ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ለተከበሩ የቦንጋ ገዢ። እኔ ቦጉሚል እባላለሁ፣ ሽማግሌ ነኝ። ይህን ሙዚቃ የሠራሁት በወጣትነቴ ነው። እዚህ ካስቀመጥኩት ጀምሮ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም፤ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት። የጻፉትን አንብቤ ደግሜ ሰማሁት። ልክ ነዎት። ቫዮሊኑ ቀጭን ነው። ያኔ ከሦስት ቫዮሊን በላይ መቅጠር አልቻልንም ነበር፤ ማንም የነቃብኝ አልመሰለኝም። አፍሬ ከሽያጭ አውጥቼዋለሁ። ይታጠብ የተባለው ግን አልገባኝም።»

ሱሩር ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በንግድ ዘመኑ ሁሉ ሻጭ ሲቆጣው፣ ሲሰድበው፣ ዕቃውን ሲነጥቀው አይቷል። «ልክ ነህ፣ ዕቃዬ መጥፎ ነው» ብሎ ሱቁን የዘጋ ሻጭ ግን ገጥሞት አያውቅም።

«ምን ጻፍክለት?» አለ ኃይለመስቀል። አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ያዘ። «ይሄ እኮ ክርክር ነው!»

«ሰላምታ ነው!»

«ሱሩር!»

«እሺ ክርክር ነው» አለ ሱሩር፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ግን ሽማግሌውን እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ አልነበረም። ወላሂ፣ ዜማውን ወድጄው ነው።»

ኃይለመስቀል ለረጅም ጊዜ አሰበና፣ የተገዛ ነገር ስለሌለ ክርክሩ እንዳልተደረገ ይቆጠራል ሲል ወሰነ። ችግሩ አሁን የሚገዛ ነገርም አለመኖሩ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የተጻፈውን ማን ይመልሰዋል? ኃይለመስቀል «ጉዳዩን በሚመለከት ይቅርታ ስለመጠየቅ» ብሎ ሊጽፍለት ተነሳ። ሱሩር ግን ስልኩን ቀማውና ጥግ ላይ፣ ሀኪማ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጦ፣ በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ፦

«ጋሽ ቦጉሚል፣ አጥፍቻለሁ። እኛ ነጋዴዎች የምንንቀው የወደድነውን ዕቃ ነው። ያልፈለግነውንማ ዝም ብለን እናልፈዋለን። ሳይገዛ የሚያመሰግን ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ዘመድ ነው። እኔ ሱሩር የምባል ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ ቫዮሊን ቀጭን ይሁን ወፍራም አላውቅም። ሚስቴ የእርስዎን ዜማ ከሃያ ዓመት በላይ አንጎራጉራዋለች፣ በየቀኑ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። መጨረሻውን ግን አታውቀውም፣ በእኔ ጥፋት። አሁን ተቀይማኝ ሄዳለች፤ ቤቴ ጭር ብሏል። እባክዎ ዜማውን ይመልሱት። ዕቃዎ...»

እዚህ ላይ ጣቱ ቆመ። ኃይለመስቀል ይጠብቃል። ሱሩር ግንባሩን በሻሽ ጠረገ፣ ተነስቶ ውኃ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነና ጻፈው፦ «ዕቃዎ ጥሩ ነው።»

መልሱ እስኪመጣ ሱሩር ሰው አልነበረም። ደንበኛ ሲከራከረው «እሺ» ይላል፤ አንዳንዱ ሰው ደንግጦ ጨርቁን ትቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስልኩ ጮኸ።

«ወዳጄ ሱሩር» ይላል ጋሽ ቦጉሚል፣ «የጻፉልኝን ለባለቤቴ አነበብኩላት። አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ዜማውን መልሼዋለሁ። እናንተ ጋ የተወደደ ዕቃ የሚናቅ ከሆነ አንድ ኮከብ ከአምስት ይበልጣል ማለት ነው፤ አንዷን ኮከቤን እባክዎ እንዳያጠፏት። እንዲህ ከተወደደ ደግሞ ዋጋው አንሶ እንደነበር ስለገባኝ እጥፍ አድርጌዋለሁ። በሕይወቴ ተከራክሬ ሸጬ አላውቅም። እባክዎ ይከራከሩኝ። እዚሁ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።»

ሱሩርና ኃይለመስቀል ተያዩ።

«ሊከራከር ይፈልጋል» አለ ሱሩር በሹክሹክታ።

«አትችልም።»

«ሽማግሌ ሰው እኮ ነው፣ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ!»

«በመስቀል ምያለሁ፣ ሱሩር።»

ሱሩር የጨርቅ ሜትሩን አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰ። ዱባይ የሚነግደው ታናሽ ወንድሙ ካሊድ በባንክ ካርዱ እንዲከፍልለት ደወለ። ካሊድ ነገሩን ሲሰማ «ሀኪማ ናፈቀችህ አይደል?» አለው። ቀጥሎም ገጹን ከፍቶ አየና «እጥፍ አድርጎታል እኮ! እኔ ልከራከርልህ?» አለ።

«በውክልናም አይቻልም!» ብሎ ኃይለመስቀል ጮኸ።

በዚህ መሃል ጋሽ ቦጉሚል መጠበቅ አቃተው መሰለኝ፣ «አልቀንስም!» የሚል መልእክት መጣ። ማንም ቀንስ አላለውም። ትንሽ ቆይቶ «አልቀንስም ብያለሁ፣ ግን ይናገሩ» አለ። ከዚያ «ዝም ብለዋል። ብርቱ ነጋዴ ነዎት» አለ። ወዲያው ደግሞ ዋጋው በራሱ ጊዜ ትንሽ ዝቅ አለ።

ካሊድ ከዱባይ ጮኸ፦ «ቀነሰ! ጎበዝ፣ ዝም በል፣ ዝም በል፣ ገና ይወርዳል!»

ኃይለመስቀል ፊቱ ጠቆረ። «ሱሩር፣ ዝምታም ክርክር ነው። ያውም ከባዱ። አንተ ታውቀዋለህ።»

ሱሩር ያውቀዋል። በዚያ ዝምታ ስንቱን ሻጭ አስለቅሷል። ዋጋው እያየው እየወረደለት ነው፤ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ሻጭ ሲያልም ኖሯል። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ዝም ቢል በግማሹ ይገዛዋል። ግማሽ ዋጋ! ጅማ ያለው ቆርቆሮ ግድግዳ ትዝ አለው፤ ሀኪማ ጆሮዋን ለጥፋ፣ እሱ የተመለሰለትን ግማሽ ትኬት ኪሱ ውስጥ እየዳበሰ። ያኔ ያተረፈው ምን ገዝቶለት እንደነበር እንኳ አያስታውስም።

«እጥፍ ያደረገውን ዋጋ መልስ በለው!» አለ ድንገት።

«ምን?» አለ ካሊድ።

ሱሩር ራሱ ስልኩን ነጥቆ «ጋሽ ቦጉሚል፣ እጥፉን ይመልሱት፤ በዚያው እወስዳለሁ» ብሎ ጻፈ። ዋጋው ግር እንዳለው ሰው ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይ ተመለሰ። ሱሩር በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ጨብጦ፣ «ካሊድ! ሳይቀንስ ክፈል! ቶሎ በል፣ ሳይቀንስ!» እያለ ጮኸ።

በረንዳው ላይ ከዝናብ የተጠለለው ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ዞረ። ሙዝደሊፋ ከሱቁ እየሮጠ መጣ፤ ሱሩር የታመመ መስሎት ነበር። ካሊድ ከፈለ። ዜማዋ ስልኩ ላይ ገባች። ጋሽ ቦጉሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ያሳዝናል፣ ገና መሞቄ ነበር።»

በነጋታው ሁለቱ ቢታ ገነት ደረሱ። ሀምዛ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣላቸው። ሀኪማ ሻሿን አስተካክላ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ጉንጯ ድኗል፣ ዓይኗ ግን አልዳነም። ሱሩርን እንዳላየ ሰው አለፈችውና ወደ ኃይለመስቀል ዞረች።

ኃይለመስቀል ተነስቶ ሪፖርቱን አቀረበ። ስለ ሙዝደሊፋ ሻሽ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ፣ ስለ ቀጭኑ ቫዮሊን፣ ጋሽ ቦጉሚል አፍሮ ስለ ማውጣቱ፣ ስለ አንዷ ኮከብና ስለ ትርጉሟ፣ ዋጋው ሲወርድ ሱሩር ስለ ማስመለሱ ሁሉንም ነገራት። ሱሩር አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሀምዛ «ሳይቀንስ ክፈል አለ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ አላመነም።

«እሺ፣ ምንድነው የገዛው?» አለች ሀኪማ።

ሱሩር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፈተው።

ከበሮው ዱክ ዱክ ማለት ሲጀምር ሀኪማ እጇ ጭኗ ላይ ቀረ። ዋሽንቷ ወጣች። ሀኪማ ከንፈሯ አብሮ ተንቀሳቀሰ፣ ሳታውቀው። ግማሽ ደቂቃው አለፈ። ከዚያ የቆርቆሮው ግድግዳ ቦታ መጣ፤ ሀምዛ እንኳ ትንፋሹን ያዘ። አይሱዙ አልመጣም። ከበሮው እየዘገየ፣ እየዘገየ መጣ፤ ዱክ... ዱክ... ከዚያ ቆመ። ምንም ድምፅ የለም። ዋሽንቷ ብቻዋን እንደ መጠየቅ አለች። ያ ቀጭን ቫዮሊን ከታች ቀስ ብሎ ገባና፣ ሁለቱ አብረው ሄደው አብረው አለቁ። ባቡሩ እንደገና አልተነሳም።

«ወረደ» አለች ሀኪማ። ዓይኗ ሞልቷል። «ሱሩር፣ ወርዷል። ባቡሩን አቁሞ ወርዶላታል።»

«ወርዷል» አለ ሱሩር።

ሀኪማ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ ጉሮሮዋን አጸዳችና፣ ልክ እንደ ገበያ ሰው ፊቷን አጨማደደችው። «ቫዮሊኑ ግን እውነትም ቀጭን ነው» አለች። «ደግሞ አጠረ። ይሄ ምኑ ይገዛል?» ስልኩን ወደ ኃይለመስቀል ገፋችው። «እዚያ ላይ ጻፍልኝ፤ ሀኪማ ከቦንጋ፣ አንድ ኮከብ።»

ሱሩር ፈገግ አለ። ከዚያም በፍርሃት፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ዝግ ብሎ፣ «ለእኔስ?» አላት።

ሀኪማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የሸሚዙን ኮሌታ፣ ጭቃ የነካው ጫማውን፣ ሜትር ነክሶ የሰነጠቀው ከንፈሩን አየች።

«ለአንተም አንድ ነው የምሰጥህ» አለችውና ቦርሳዋን አስያዘችው።